ዋስ የሌለው ቃል፦ የመሪዎች ቅንነትና የሕዝብ ጥርጣሬ ከሲሬ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው፣ ነቀምት ለመድረስ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ሲሬን ያገኛል። የሲቡ ሲሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የበቆሎ፣ የጤፍና የኑግ ገበያ ናት። የንጉሡ ሹም፣ የደርግ ካድሬ፣ የኢሕአዴግ ገምጋሚ፣ የለውጡ ተናጋሪ በየዘመናቸው በዚህ አካባቢ ሕዝብ ሰብስበው ተናግረዋል፤ ለሁሉም ተጨብጭቦላቸዋል። ስብሰባው ሲበተን ሰው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ የምሩን ነው?»

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን ጥያቄ ነው። ሕዝብ በፖለቲከኛ ላይ ያለውን ጥርጣሬ አንዳንዱ ከባህል፣ አንዳንዱ ከጭቆና፣ አንዳንዱ ከመሪዎች ጠባይ ያመጣዋል። የእኔን አቋም ከመነሻው ላስቀምጥ፦ ጥርጣሬው በሽታ አይደለም፤ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያከማቸው ማስረጃ ነው። ጥፋታችን ከጥርጣሬው ቀጥሎ በምናደርገው ላይ ነው። የመሪውን ልብ ለማወቅ እንደክማለን፤ ቃሉን የሚያስር ነገር ለማበጀት ግን አንደክምም። በገበያ ቀን ለማያውቀው ሰው ብር የሚያበድር ነጋዴ የተበዳሪውን ልብ ልመርምር አይልም፤ ዋስ አምጣ ይላል። እኛ ግን የልጆቻችንን ዕጣ የምናስረክበውን ሰው ያለ ዋስ እናምነዋለን፤ ሲከዳን ደግሞ በልቡ ክፋት እናማርራለን።

ባህል፣ ፍርሃት ወይስ ስሌት?

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ የአማራውን ማኅበረሰብ በቅኔው በኩል ለመረዳት ሞከረ። ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነው አነጋገር ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ የኑሮ ዘዴ ሆኗል፤ ሰው ለሹም የሚናገረውና በልቡ የሚይዘው የሚለያየው ከዚህ የተነሳ ነው የሚለው ንባብ ከዚያ ወዲህ በምሁራን ዘንድ ተዘወተረ። ብዙ እውነት አለው። ሲሬ ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። የሲሬና የአካባቢዋ ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ የቅኔ ቤት ወግ አላሳደገውም፤ የራሱ ሸንጎ፣ የራሱ ተረትና ምሳሌ አለው። ሆኖም በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚያደርገው ከመንዝ ወይም ከጎጃም ገበሬ አይለይም። ያዳምጣል፣ እጁን ያወጣል፣ ያጨበጭባል፤ የመሰለውን የሚናገረው ማታ፣ ለሚያምነው ሰው ነው። ባህሉ ከተለያየና ጠባዩ ከተመሳሰለ፣ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ሁለቱ በሚጋሩት ነገር ውስጥ ነው። የሚጋሩት ደግሞ የአገዛዙን ዓይነት ነው።

ምሁሩ ጄምስ ስኮት የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ተገዢዎች ከገዢ ጀርባ ስለሚናገሩት ንግግር እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመውን መጽሐፍ የከፈተው በአንድ የኢትዮጵያውያን ምሳሌ ነው፤ ታላቅ ጌታ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሳ፣ ንቀቱን ግን ድምፅ ሳያሰማ የሚገልጥ ብልህ ገበሬ ምሳሌ። ስኮት ይህን የአንድ ሕዝብ ጠባይ አላደረገውም፤ ጉልበት ባልተመጣጠነበት ቦታ ሁሉ የሚታይ ነው አለ። ጸሐፊው ቫስላቭ ሃቬል እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጸው የቼኮዝሎቫኪያ አትክልት ሻጭ የማያምንበትን መፈክር በሱቁ መስኮት ይለጥፋል፤ እንዲተውት ብቻ። ተመራማሪዋ ሊሳ ዊዲን በሐፌዝ አል አሳድ ዘመን በሶርያ ያጠናችው ሕዝብም መሪውን የሚወድ መስሎ ይኖር ነበር። ፕራግና ደማስቆ የእኛን ቅኔ አያውቁም፤ ጭብጨባውን ግን ያውቁታል።

ሦስተኛውን ማብራሪያ የሰጠው ሌላው ምሁር ቲሙር ኩራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሰው የልቡን ደብቆ በአደባባይ ሌላ ሲናገር ጉዳቱ ከእሱ እንደሚያልፍ አሳየ። ሁሉም ሲደብቅ ማንም የጎረቤቱን ልብ አያውቅም፤ ገዢውም የሕዝቡን ልብ አያውቅም። ስለዚህ አገር ጸጥ ብሎ ይኖርና አንድ ቀን ድንገት ይገነፍላል፤ ትናንት ያጨበጨበው ሁሉ ዛሬ ተቃዋሚ ሆኖ ይገኛል። የ1966ቱንና የ2010ሩን ለውጥ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም።

ከኦዳ ቢሲል እስከ ኩምሳ ሞሮዳ

ወለጋ ለዚህ ጥያቄ ከሌላው አገር የተለየ የታሪክ ሀብት አላት። ከሲሬ በስተምሥራቅ፣ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ ነው፤ በትውፊት መሠረት ማኮ ቢሊ ሕግ የደነገገው በዚያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት ሥልጣንን በስምንት ዓመት ይገድባል። ስምንቱ ዓመት ሲሞላ አባ ገዳው ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ ቅንም ይሁን ተንኮለኛ፣ ለተከታዩ ያስረክባል። በቦረና ደግሞ ያጠፋ ባለሥልጣን ዘመኑ ሳይሞላ ከወንበሩ የሚነቀልበት ደንብ አለ። የሥርዓቱ ጥበብ የመሪውን ልብ አለመጠየቁ ነው። ልቡ ምንም ይሁን፣ ቀኑ የታወቀ ነው።

ይህን ስል ገዳን ፍጹም ለማድረግ አይደለም። ሴቶች ከሥልጣኑ ውጭ ነበሩ። በወለጋ ውስጥም ሥርዓቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተዳክሞ፣ ሞቲ የሚባሉ የጦር አለቆች ሥልጣንን ለልጅ የሚያወርሱበት ዘመን መጣ። በሌቃ ነቀምት በከሬ ጎዳና ኃይሉን አደራጀ፤ ልጁ ሞሮዳ ወረሰው። የሸዋና የጎጃም ጦር በ1874 በእምባቦ ከተዋጋ በኋላ፣ ሞሮዳ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገብሮ በምትኩ አገሩን ራሱ እያስተዳደረ ቆየ። ልጁ ኩምሳ ተጠምቆ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችም ሆነ። ነቀምት ያለው ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

የዚህን ስምምነት ሁለት ገጽ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል ብዙ ቦታ የፈሰሰው ደም በሌቃ እንዳይፈስ አድርጓል። በሌላ በኩል ውሉ የተዋዋለው በሁለት ጌቶች መካከል ነው። ቃል የተገባለት ገዢው ነው፤ ግብሩን የከፈለው ገበሬው ነው። ወርቁም፣ የዝሆን ጥርሱም፣ እህሉም፣ ጉልበቱም ከገበሬው ወጣ። ገበሬው ለሁለት ጌታ፣ ለአካባቢውና ለማዕከሉ፣ ባንድ ጀርባ ተሸከመ። በስምንት ዓመት የሚሄድ መሪ የነበረው አገር፣ በልጅ ልጅ የማይሄድ መሪ አገኘ። የወለጋ ገበሬ ለባለሥልጣን ያለውን ጥርጣሬ ከአንድ ወገን በደል ብቻ የሚያመጡ ጸሐፍት ይህን የራስ ጌታ ሸክም ይዘሉታል።

በ1928 ጥርጣሬው በአደባባይ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቅቀው ሲሄዱ የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ለጣልያንም ለአዲስ አበባም ከመገዛት ይልቅ በመንግሥታቱ ማኅበር በኩል የእንግሊዝን ጥበቃ ጠየቁ። ነቀምት የገቡት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ደግሞ በዚያው ዓመት ሰኔ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት የነበሩትን ገደሉ። ከአርበኞቹ መካከል የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳ ይገኝበታል። በአንድ ሰሞን፣ በአንድ አገር፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ። ሁለቱም ወገኖች የተነሱት ግን ከአንድ ሐቅ ነው፤ እስከ መጨረሻው እንዋጋለን ያለው መንግሥት በቦታው አልነበረም።

የተፈጸመ ቃል፣ የተቀማ ቃል

ሕዝብ ሁልጊዜ ይጠራጠራል የሚለው ትክክል አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን ለሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ሲያውጅ፣ ለዓመታት «መሬት ላራሹ» ሲባል የኖረው መፈክር ሕግ ሆነ። ለወለጋ ጭሰኛ ይህ የዘመናት ሸክም መውረድ ነበር፤ ከምርቱ እየቆረሰ ለባለመሬት መስጠት ቀረለት። ሕዝቡ ደግፎ አደባባይ የወጣው ተገድዶ አልነበረም። ቃሉ በእግሩ ሥር ባለው አፈር ላይ ተፈጽሞ ስላየው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከማንኛውም የውሸት ንግግር የበለጠ እምነት ገደለ። መሬቱን የሰጠው እጅ ምርቱን በኮታ መልሶ ወሰደ፤ ገበሬው እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ። ብሔራዊ ውትድርና ልጁን ወሰደ። የመንደር ምሥረታ ከጓሮው አስነሳው። በ1977 ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች በመንግሥት ተጓጉዘው አንገር ጉቲንን በመሰሉ የወለጋ ቆላዎች ሲሰፍሩ፣ የመጡትም የተቀበሉትም አልተማከሩም። ያ ውሳኔ ያኖረው ቅሬታ ዛሬም በሰላማዊ ጎረቤታሞች መካከል ደም ያፋስሳል።

የመሪው ቃል በዚህ ዘመን እስከ ጫፉ ሄደ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 በአብዮት አደባባይ ደም የመሰለ ነገር የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከስክሶ ለጠላቶቹ ዛተ። እስከ መጨረሻው ጥይት እንደሚዋጋ ለአገር ነገረ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ግን በአውሮፕላን ወጥቶ ዚምባብዌ ገባ። ያን ቃል ሰምተው ልጆቻቸውን ለሰሜን ጦር ሜዳ የሰጡ እናቶች በነቀምትም በሲሬም አሉ። ከዚያ በኋላ «እሞትላችኋለሁ» የሚል መሪ ሲነሳ የእነዚህ እናቶች ፊት የማይፈካው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

መቶ በመቶ የተመረጠ፣ በስድስት ወር የተጠየቀ

ኢሕአዴግ የተለየ ነገር ይዞ መጣ፤ የራስን ቋንቋ፣ የራስን አስተዳደር። በኦሮምኛ መማርና መዳኘት በወለጋ ሰው ሕይወት ውስጥ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ይህን የማይቆጥር ዳሰሳ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ዳሩ ግን ቋንቋው የራሱ ሆኖ ንግግሩ የራሱ አልሆነም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ሪፖርት በኦሮሚያ ገጠር ነዋሪውን በጎጥና በጋሬ እያደራጁ ሐሳቡን የመከታተል አሠራር መዘርጋቱን ገለጸ። ኋላም አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መጣ። ሣራ ቮጋንና ሼቲል ትሮንቮል እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ኢትዮጵያ የሥልጣን ባህል ባሳተሙት ጥናት ያስተዋሉትም ይህንኑ ይመስላል፤ አወቃቀሩ ዴሞክራሲያዊ፣ ዕለታዊ ግንኙነቱ ግን ከላይ ወደታች የሚወርድ ነው።

ኩራን የተናገረው እውነት በቁጥር የታየው በዚህ ጊዜ ነው። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ። በግንቦት 2007 ምርጫ ሁሉንም፣ 547ቱን፣ ጠቀለሉ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008፣ ጊንጪ ላይ ተቃውሞ ተነሳ። ጊንጪ ያለችው ወደ ሲሬ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ተቃውሞውም መንገዱን ይዞ አምቦን፣ ነቀምትን፣ ጊምቢን አዳረሰ። መቶ በመቶ መረጠኝ ያለው መንግሥት ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ሳያውቅ ኖሯል። ሕዝብን የልቡን እንዳይናገር ያስፈራራ መንግሥት መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው።

ከዚያ የመጣው ማዕበል በቅርብ የምናስታውሰው ነው። ለማ መገርሳ በ2009 የኦሮሚያ ፕሬዝዳንት ሆነ፤ በጥቅምት 2010 ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው ሲል ብዙ ሰው አነባ። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስረኞች ተፈቱ፣ ስደተኞች ተመለሱ፣ በ2012 የኖቤል የሰላም ሽልማት መጣ። በለውጡ ሰሞን የመሪ ምስል ያልተለጠፈበት ባጃጅና ካፌ ማግኘት ይከብድ ነበር። ያ ደስታ ሐሰት አልነበረም፤ ሕዝቡ ተርቦ ኖሯል። ነገር ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በሁለት ሰዎች ቅንነት ላይ ነበር። ለማ በኅዳር 2012 ለአሜሪካ ድምፅ በሰጠው ቃለ ምልልስ የኢሕአዴግ አባል ፓርቲዎችን ውሕደት እንደማይቀበል ተናገረ፤ በነሐሴ ከመከላከያ ሚኒስትርነቱ ተነሳ። አንዱ ወገን በባሕር ዳር የተናገረው ያኔም ከልቡ አልነበረም ይላል፤ ሌላው ለእምነቱ ሥልጣኑን ያጣ ነው ይላል። ክርክሩ አያልቅም፤ የሰው ልብ ማስረጃ አይሆንምና። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፤ ለውጡን ሁለቱ ቢጣሉም የሚያቆየው ምን ተቋም ነበር?

ወለጋ ተቋም ያለመኖሩን ዋጋ ከሁሉ ቀድማ ከፈለች። በምዕራብ ኦሮሚያ በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል የነበረው ጦርነት ሲበረታ፣ በ2012 ለሦስት ወር ገደማ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። በጥር የመንግሥት ቃል አቀባይ 21 ተማሪዎች መለቀቃቸውን ለሕዝብ ተናገሩ፤ ወላጆች ግን ልጆቻችንን አላየንም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም አሉ። ልጁን የሚጠብቅ አባት በቴሌቪዥን የሰማውንና በስልኩ ያላገኘውን ሲያስተያይ፣ ስለ መንግሥት ንግግር የሚይዘውን እምነት የትኛውም ዘመቻ አይለውጠውም። መንግሥትና የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት በሚያዝያ 2015 እና በኅዳር 2016 በታንዛኒያ ሁለት ጊዜ ተነጋግረው ያለ ስምምነት ተለያዩ፤ እያንዳንዱ ሌላውን ቅንነት ነሣው። በመካከሉ ያለው ገበሬ የሁሉንም የታጠቀ ወገን ንግግር በየተራ አጨብጭቦ ይሰማል። የማጨብጨቡን ዋጋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ዋጋ የከፈሉ ሁለት የወለጋ ልጆች

ታዲያ ቅንነት የሚባል ነገር የለም ወይ? አለ፤ የሚታወቀውም በንግግር ማማር ሳይሆን ተናጋሪው በከፈለው ዋጋ ነው። ወለጋ ከራሷ ልጆች ሁለቱን ታስመሰክራለች።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በቦጂ ተወለዱ፤ ከ1959 ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ለሥጋም ለነፍስም ትቁም የሚል አቋማቸው በ1964 በወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደብዳቤ ለዓለም ተሰማ። ደርግ ሲያስራቸው የውጭ ወዳጆች፣ በታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ጭምር፣ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹላቸው፤ ምእመኖቼን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ታሰሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የደምቢ ዶሎ ልጅ ናቸው፤ የዓይነ ስውሩ ወንጌላዊ የጊዳዳ ሶለን ልጅ። ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 የኢትዮጵያ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ከመለስ ዜናዊ ጋር ተለያይተው ከፓርቲው ሲወጡ፣ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዝዳንት ፖለቲካ ውስጥ ከገባ ጥቅሙን እንደሚያጣ የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። በ1997 ግን በግል ተወዳድረው የደምቢ ዶሎን ሕዝብ ወክለው ፓርላማ ገቡ፤ የፕሬዝዳንት ጥቅማቸውንም ከፈሉበት። ሚያዝያ 19 ቀን 2011 በጀርመን አረፉ። በፖለቲካ አቋማቸው የማይስማማ ብዙ ነው፤ በሥልጣን ሳሉ ስለተደረገው የሚጠይቃቸውም አለ። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ገብቶ ከመክበር ይልቅ ወጥቶ መቸገርን መምረጥ ሊታይ፣ ሊመዘን የሚችል ነገር ነው። የደምቢ ዶሎ መራጭም አይቶ መዘነ።

ከሁለቱ የምንማረው ግን ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ቅንነታቸው የተረጋገጠው ከተገደሉና ከተገፉ በኋላ ነው። መሪውን ለማመን እስኪሞት ወይም እስኪባረር የምንጠብቅ ከሆነ፣ የምናምነው ሁልጊዜ የሞተውን ይሆናል። ሕዝብ በሰማዕት ብቻ አይተዳደርም።

«ሁሉም ያው ነው» የማን መሣሪያ ነው?

ለሕዝብ ጥርጣሬ ባለሥልጣናት ከጥንት የሰጡት ስም አለ፤ ጨለምተኝነት። የሚጠራጠር አይገነባም፣ ልማትን ያደናቅፋል ይላሉ። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በማንም የማያምን ሰው ግብር በፈቃዱ አይከፍልም፣ ማኅበር አይገባም፣ ልጁን ለክትባት ለማውጣት ያመነታል። ሲሬ አጠገብ ባኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ምርጥ የበቆሎ ዘር በገበሬው እጅ የተስፋፋው ገበሬው በጎረቤቱ ማሳ ላይ ውጤቱን አይቶ ስላመነ ነው። መልሱም በዚህ ውስጥ አለ። ገበሬው ዘሩን ሲጠራጠር ማንም ጨለምተኛ አላለውም፤ ማሳ አሳዩት እንጂ።

ፈላስፋዋ ኦኖራ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ2002 በቢቢሲ ባቀረበችው ተከታታይ ንግግር ነገሩን በትክክል አስቀምጣዋለች። ዓላማችን እምነትን ማብዛት መሆን የለበትም፤ እምነት ለሚገባው መስጠት፣ ለማይገባው መንፈግ ነው። ለዚህ ደግሞ ሕዝቡ ሊመዝንበት የሚችል መረጃ በእጁ መግባት አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ከጥርጣሬ ይልቅ ጥርጣሬ ሲበሰብስ የሚሆነው ነው። «ሁሉም ያው ነው» የሚለው አነጋገር ጠንቃቃ ይመስላል፤ የሚጠቅመው ግን ሌባውን ነው። ሁሉም ያው ከሆነ፣ ንጹሑ ባለሥልጣን ንጹሕ በመሆኑ የሚያገኘው ክብር የለም፣ የሚሰርቀውም በመስረቁ የሚያጣው የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቅን ስንደግመው ለዘራፊ ፈቃድ እየሰጠን ነው። ደሞዙን ብቻ ይዞ የሚኖረውን የቀበሌ ጸሐፊ ዘመዶቹ ራሳቸው «ሞኝ» ሲሉት የሰማ ሰው፣ ጥፋቱ የላይኞቹ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል። ጤናማ ጥርጣሬ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሲያገኝም ያምናል። የበሰበሰው ግን ማስረጃ ቢቀርብለትም አያይም።

ዋሱ ምን ይሁን?

የመጀመሪያው ዋስ የጊዜ ገደብ ነው። ሕገ መንግሥታችን ርእሰ ብሔሩን በሁለት የሥራ ዘመን ሲገድብ፣ እውነተኛውን ሥልጣን ለያዘው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ተመሳሳይ ገደብ አላበጀም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በ2010 ሥልጣን እንደያዙ ይህ እንደሚስተካከል ተናግረው ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ ግን አልተሻሻለም። የኦዳ ቢሲል ሸንጎ ከዘመናት በፊት ያወቀውን ነገር የፌዴራሉ ሕግ እስካሁን አልተማረም።

ሁለተኛው፣ የሾመ የመሻር መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ በዕለት ተዕለት ፖለቲካችን ሲሠራ አናየውም። መምረጥ ራሱም ትርጉም የሚኖረው አማራጭ ሲኖር ነው። በ2013 ምርጫ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ወጡ፤ በኦሮሚያ ብዙ ቦታ መራጩ የሚያወዳድረው አልነበረውም። ለአንድ ተወዳዳሪ የተሰጠ ድምፅ የሕዝቡን እምነት አያሳይም።

ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ የተለጠፈ፣ የሚነበብ ወረቀት። በ1998 በተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ወረዳዎች በጀታቸውን በሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀምረው ነበር። የባለሥልጣናት ሀብት እንዲመዘገብ አዋጅ ቁጥር 668 በ2002 ወጥቷል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር፣ በተለይ በገመቹ ዱቢሶ ዘመን፣ ያለ ደረሰኝ የወጣውንና ያልተወራረደውን ገንዘብ መሥሪያ ቤቶቹን በስም እየጠራ ለፓርላማ ሲያቀርብ ሕዝቡ ያዳመጠው በተለየ ጆሮ ነበር። ኦዲተሩ እመኑኝ አላለም፤ ሒሳቡን አነበበ። ይህ ለሲሬም ይሠራል። ወረዳው ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደመጣለት፣ በስንት ዋጋ፣ ለየትኛው ቀበሌ ስንት እንደደረሰ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፍ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኦዲት በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበብ። ገበሬው ቁጥሩን ከደረሰው ጋር ያስተያያል፤ ማንም ቅን ነኝ ብሎ መሐላ ማብዛት አያስፈልገውም።

አራተኛው ዋስ እኛው ነን። የልብን መናገር በሚያሳስርና በሚያስገድል ቦታ ገበሬውን ለምን አጨበጨብክ ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን አደጋ በሌለበት ቦታም፣ በእድር፣ በሰንበቴ፣ በማኅበር፣ በትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ፣ ሒሳብ ሳንጠይቅ «እሱ ጥሩ ሰው ነው» ብለን የምናልፍ ብዙ ነን። ሒሳብ መጠየቅ ስድብ የማይሆንበት ልማድ ከዚህ ካልተጀመረ ከላይ ሊወርድልን አይችልም። ከታች ጥሩውን ሰው ሒሳብ የጠየቀ ማኅበረሰብ፣ ከላይ ክፉውን ለመጠየቅ አቅም ያገኛል።

በዚህ ሁሉ ቅን መሪዎች የሚጎዱ አይምሰላቸው። ዋስ የሚከብደው ለማይከፍል ተበዳሪ ነው፤ ሊከፍል ለመጣ ሰው ዋስ ስሙን የሚያስከብርለት ነው። ጉዲና ቱምሳና ነጋሶ ጊዳዳ ቃላቸው እውነት መሆኑን ለማሳየት ሕይወታቸውንና ኑሯቸውን ከፈሉ፤ ሌላ መንገድ የሰጣቸው አገር አልነበረምና። የሚመጣው ቅን ሰው ይህን ያህል እንዳይከፍል፣ የሚመጣው አስመሳይም በንግግር ብቻ እንዳያልፍ የምናደርገው ሕግና ልማድ በማበጀት ነው። የሲሬ ሰው ለሚቀጥለው ተናጋሪ «የምርህን ነው?» ማለቱን ትቶ «ባታደርገውስ በምን እንጠይቅሃለን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልስ የሌለው ተናጋሪ ጭብጨባ አይገባውም።